ከመኪናው ኋላ ያለው ጥላ

ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 1988

ዛሬ ሥራ ገባሁ። የሐዘን ፈቃዴ አለቀ። የጤና ጣቢያው አንሶላ ተከምሮ ጠበቀኝ፤ እኔ ሳልኖር ያጠበ የለም። ይሻላል… እጅ ሥራ ሲይዝ ይሻላል። ፀሐዩ እሳት ነው። አንዱን አስጥቼ ሌላውን ጨምቄ ስመለስ የመጀመሪያው ደርቋል።

ሰዎች እንደ ድሮው «የኦጆት እናት» ይሉኛል። ዘበኛው ጠራኝና ደነገጠ፤ አፉን በእጁ ያዘ። «ስሜ ነው፤ ጥራኝ» አልኩት።

የትናየት በአጠገቤ አለፈች። ነርስ ናት፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። ልጄን የገጨው ሾፌር ዘርአብሩክ ባሏ ነው። ሰላም አላለችኝም። እኔም አላልኳትም። ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ የካቲት 20

የሆነውን ልጻፍ። ስጽፍ ቀስ እላለሁ፤ ሐሳቤም አብሮ ቀስ ይላል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ በማታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ደረስኩ።

ኦጆት እህል መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የካቲት 5፣ ከምሳ በኋላ፣ የዘርአብሩክ መኪና በኋላ ማርሽ ወደ ማራገፊያው መድረክ ተጠጋ። ኦጆት በመኪናውና በመድረኩ ግንብ መካከል ነበር። ይኸው ነው። ወደኛው ጤና ጣቢያ አመጡት። ሲደርስ ነፍስ አልነበረውም። የተቀበለችው የትናየት ናት። የገጨው ማን እንደሆነ ገና አልሰማችም ነበር።

እዚያ መካከል ገብቶ ምን ያደርግ ነበር? አንዱ እንዲህ ይለኛል፣ ሌላው እንዲያ…

ዓርብ፣ የካቲት 22

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። የሰዎቹን ቃል አነበበልኝ። ዘርአብሩክ «የመጋዘኑ ኃላፊ ጠጋ በል አለኝ፤ ጠጋሁ» ብሏል። ረዳቱ «እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ» ብሏል። ኦፒው ደግሞ…

ኦፒው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። የባሌ የወንድም ልጅ። ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ኦፒው ያለው፣ «ሟች ጠጥቶ ነበር። ሰክሮ ከመኪናው ኋላ ተኛ።»

ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ።

«ልጄ አይጠጣም።»

«እናቶች ሁሉ እንዲህ ይላሉ» አለ መርማሪው። በክፋት አልተናገረውም። «ሌላ ማስረጃ ካልመጣ ጥፋቱ የራሱ የሟቹ ይሆናል።»

የራሱ የሟቹ። መንገዱን ሙሉ ይህን ስል መጣሁ።

እሑድ፣ የካቲት 24

ኦፒው ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መጣ። የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ በር ላይ ቆመ።

«አክስቴ፣ ተቆጣሽ?»

«ሰክሯል ብለሃል።»

«ፖሊስ ሲያፋጥጥሽ አንቺስ ምን ትያለሽ? እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው ብዬ ነበር። ሁሉም ያውቃል።»

«ሲጠጣ አይተሃል?»

መሬት መሬት አየ። «አላየሁም» አለ።

ከዚያ ገብቶ በርጩማውን ወደኔ አስጠጋ። ቃሉን ያስተካክላል፤ ስካር የሚለውን ያወጣል። እኔ ግን ሾፌሩን ብቻ ልናገር። «የገጨው እሱ አይደለም እንዴ? አሁን ክልሉ የኛ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ይሰማሻል። እኛ ኃላፊ እስክንሆን ስንት ዘመን ጠበቅን? እኔ ከወንበሬ ብነሳ ደስ የሚለው ማን ነው?»

ልጄ ዶርቃ ከጓዳ ሆና «አንተ ወንበር ላይ ስትወጣ ወንድሜ ከጆንያ ሥር ነበር» አለችው። ዝም በይ አልኳት። ውሸት ግን አልተናገረችም።

ሾፌሩን ብቻ። ምን ይከብዳል? ሾፌሩን እኮ እጠላዋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

የትናየት ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጣች። ቆማ እጇን ትጠራርጋለች፤ እጇ ደረቅ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። በምን አፌ?… ልጅዎን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የመጠጥ ሽታ አልነበረውም። ሰክሯል ሲባል ትናንት ነው የሰማሁት። ለፖሊስ ልናገር ነው።»

«ባልሽ ላይ ይብስበታል» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያጠብኩት እኔ ነኛ!» ጮኸች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ክፉ ሰው አይደለም። አላየም እንጂ። ስፖኪዮ ላይ ማንም አልነበረም ይላል።»

«ወርዶ አየ?»

«አልወረደም» አለች።

ቁጭ በይ አላልኳትም። ሂጂም አላልኳትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ኮአንግ መጣ። ከኦጆት ጋር ጆንያ ያወርድ የነበረ የኑዌር ልጅ ነው። ረጅም ነው፤ በራችን ላይ አጎንብሶ ይገባል። ዓሣ ይዞ መጣ። ዶርቃ ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣ፤ ደግማ ሰጠችው።

«ልጄ እዚያ ምን ያደርግ ነበር?» አልኩት።

እንደ ሞኝ አየኝ። «ጥላ ነዋ፣ እማማ!»

«የምን ጥላ?»

«የመኪናው። ምሳ ላይ ሁላችን እዚያ ነን። ኦጆት ብቻውን አይደለም። ያን ቀን እኔ ውኃ ልጠጣ ወጣሁ፤ ሌሎቹ ሱቅ ሄዱ። እሱ እንቅልፍ ወሰደው።» ጣቱን እያጠፈ ነገረኝ። ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ ነበር። ተሳቢ ያለው መኪና መዞር አልቻለም ተብሎ ኦፒው ታኅሣሥ ላይ አስቆረጠው። ከዚያ ጆንያ ጠፋ ተባለ፤ ኦፒው ምሳ ላይ መጋዘኑን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ይሄዳል። «እዚያ አትቀመጡ ይላል። የት እንቀመጥ? ባሮ ውስጥ? አዞ ደግሞ አንተ ክልክል ነህ አይለኝም፤ ና ይለኛል!»

ሳቀ። ማን ፊት እንደሳቀ ትዝ ሲለው የውኃውን ጣሳ ለዶርቃ መለሰ።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ራሴ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ። የመጋዘኑ ዘበኛ አወቀኝ፤ ምንም ሳይጠይቅ ከፈተልኝ።

ግቢው ባዶ ነው። የማንጎው ጉቶ መሐል ላይ ቀርቷል። ልቀመጥበት ስል አቃጠለኝ። የመጋዘኑ በር ተቆልፏል። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ዓይን አይችለውም። አንድ መኪና ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ቆሟል። ሾፌሩ የለም። መኪናው ከግንቡ ጋር አልተገናኘም፤ የክንድ ያህል ክፍተት አለ። ሲያወርዱ ሳንቃ ይዘረጉበታል። ሳንቃው ሲንሸራተት ነው «ጠጋ በል» የሚባለው።

እዚያ ክፍተት ውስጥ ገባሁ። ቁጭ አልኩ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጠሁ።

ቀዝቃዛ ነው።

ግንቡ ከውስጥ ቅዝቃዜ አለው። በመኪናው ሆድ ሥር ነፋስ ይገባል። ላቤ ደረቀ። ዓይኔ ሊከደን ደረሰ። ሌሊት ከወንዝ ዳር መጥቶ የቀረ ብርድ ይመስላል… እኔም ብሆን እዚህ ነበር የምቀመጠው። ማንም ሰው ቢሆን።

ከዚያ ስፖኪዮውን ፈለግኩ። በግራም በቀኝም አይታይም። እኔ ካላየሁት በዚያ በኩል ያለው ሰውም አያየኝም። ወርዶ ማየት ነበረበት። ወይ ረዳቱን መጠበቅ።

ኦፒው ከምሳ ተመልሶ መድረኩ ላይ ቆሞ አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አክስቴ! ከዚያ ውጪ! አሁኑኑ ውጪ!»

«ያን ቀን ለኦጆት እንዲህ ብለህ ጮህክ?» አልኩት።

ወጣሁ። ቀሚሴን አራገፍኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ምንም የለም። አንሶላ።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

የባሌ ዘመዶች መጡ። ጥላው እኛ ቤት ስለሚጠብ እየተፈራረቁ ተቀመጡ። ፍርድ ቤት ላይ የኦፒውን ስም እንዳልጠራ ሊለምኑኝ ነው የመጡት። ትልቁ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እሱን አከብረዋለሁ።

«የሞተውን አታስነሺም። ያለውን ግን ትጥያለሽ።»

«መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ የሚሸከሙትም እኮ ያሉ ናቸው» አልኩ።

«እነሱ የኛ አይደሉም።»

«ጥላው ግን አንድ ነው።»

ያቀረብኩላቸውን ዓሣ በሉ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሄዱ። ዶርቃ ትፈራለች። «አጎቶቼ ቢጠሉን ማን ይቀብረናል?» አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም ፈራሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

ፋሲካ። ሄድኩ፤ ቆምኩ። መዝሙሩን ሌሎች ዘመሩልኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 10

ፍርድ ቤት። አዳራሹ ሙሉ ነው። የዘርአብሩክ ወገኖች በአንድ በኩል፣ የኛዎቹ በሌላ በኩል። እኔን የኛዎቹ መካከል አስቀመጡኝ።

የትናየት ምላ መሰከረች። ባሏን አላየችውም፤ ዳኛውን ብቻ አየች። «ሟች አልጠጣም» አለች። ከባሏ ወገን አንዲት ሴት «ይሁዳ!» አለቻት። ሰማች። አልዞረችም።

ከዚያ እኔ።

«እማማ፣ ጥፋተኛው ማን ነው ይላሉ?» አለኝ ዳኛው።

የጠረጴዛውን ጫፍ ያዝኩ። ቤት ውስጥ ስለማመደው የነበረው ጠፋኝ። እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ዘርአብሩክ ወርዶ አላየም። ረዳቱ በቦታው አልነበረም። ኦፒው ከላይ ሆኖ ጠጋ በል ሲል ከታች ማን እንዳለ አላየም። ደግሞ ዛፉን ቆርጦ በሩን የቆለፈ ሰው፣ ሰዎቹ የት እንደሚቀመጡ ማሰብ ነበረበት። ልጄ የተቀመጠው ጥላ ያለበት ቦታ ነው። ሄጄ ተቀምጬበታለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ፀሐይዋንም ይክሰሷት!» አለ። ተሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ።

«ዛፍ መቁረጥ ወንጀል አይደለም፣ እማማ።»

«ወንጀል ነው አላልኩም። ጥፋት ነው ያልኩት።»

ዳኛው ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላውቅም።

ዘርአብሩክ ከስቷል። ሸሚዙ ሰፍቶታል። አየኝ፤ አየሁት። አላዘንኩለትም። አልዋሸሁበትምም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 18

ፍርዱ ተነበበ። ዘርአብሩክ ስምንት ወር ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ። ረዳቱ ተገሠጸ። ኦፒው ከመሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ተባለ፤ ወንበሩ ላይ ይቆያል። በፍርዱ ውስጥ «ሟች በመጠጥ ኃይል ሥር አልነበረም» የሚል አለ። ዶርቃ እስከ ቤት ድረስ ይህቺን ብቻ ስትደጋግም መጣች።

ዘመዶቻችን ሳይሰናበቱን ሄዱ። ኦፒው በሌላው በር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። የትናየት መጣች። «ስምንት ወር» አለች። «ሰማሁ» አልኳት። የረጠበውን አንሶላ በአንዱ ጫፍ ያዘች። እኔ በሌላው። ጠመዘዝነው። አሰጣነው። ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ኮአንግ ዓሣ አመጣ። አሁን የሚያመጣው ለእኔ ይሁን ለዶርቃ አላውቅም… ኦፒው ግቢው ውስጥ ለጫኞቹ ዳስ አሠራ አለኝ። በቆርቆሮ።

«ታዲያ ጥሩ ነው» አልኩ።

«እማማ፣ አንቺ አላየሽም። ቆርቆሮ! ዝቅ ያለ! ሊጥ ብታስገቢ ዳቦ ሆኖ ይወጣል።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ሁለት ቀን ዘንቦ ዛሬ ፀሐዩ ባሰ። ምሳ ሰዓት ላይ በመጋዘኑ በኩል አለፍኩ። ከፍርዱ በፊት፣ ከዚያች አንድ ቀን በቀር፣ በዚያ መንገድ አልሄድም ነበር። በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። ዳሱ ባዶ ነው። መኪናው ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቷል። በመኪናው ሥር እግሮች ይታያሉ። አንዱ ረጅም ነው።

ገባሁ። ልጮህባቸው ነበር። ተኝተዋል… ኮአንግ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ለማን ልጩህ? የት ሂዱ ልበላቸው?

ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ነው። አዲስ ልጅ ነው፤ አያውቀኝም። ሬዲዮ ይሰማል። በሩን አንኳኳሁ።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«የምን ቁልፍ፣ እማማ?»

«የመኪናውን።»

ሳቀ። «ሊነዱልኝ ነው?»

«እንዳትነዳ ነው። ወርደህ ኋላህን እይ።»

እየሳቀ ወረደ። ሄዶ አየ። ሲመለስ ሳቁ የለም። ሬዲዮውን ዘጋ፤ ቁልፉን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠ።

መድረኩ ጫፍ ላይ ዣንጥላዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ትኩስ ነው። ቻልኩት። ኦፒው ከምሳ መጣ፤ አላየኝም ነበር። «ጠጋ በልና ሥራ እንጀምር» አለው ሾፌሩን።

«ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።»

ዞረ። ከፍርዱ ቀን ወዲህ ፊቴን ሲያይ ዛሬ ገና ነው። ሊቆጣ አፉን ከፈተ።

«አክስቴ…»

«መጀመሪያ ይነሱ» አልኩት።

ከዚያ ከመድረኩ ዘሎ ወረደና ከመኪናው ኋላ ገባ። ሁሉንም በየስማቸው ጠርቶ ቀሰቀሳቸው። እያዛጉ ወጡ። ኮአንግ ሲያየኝ ደንግጦ ራሱን ከመኪናው ስፖንዳ ጋር አጋጨ።

«ማንም የለም» አለኝ ኦፒው።

ወርጄ ራሴ አየሁ። የለም። ቁልፉን ለኮአንግ ሰጠሁት። ለሾፌሩ እሱ ይመልስ። ነገም ምሳ ላይ ከሾፌሩ ተቀብሎ ሁሉም እስኪነሱ የሚይዘው እሱ ነው አልኩ። ኦፒው ሰማ፤ እምቢ አላለም።