ላም የሌላቸው ሰዎች ስለመረጡልን ትራክተር

ለተከበሩ የሣር አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበርና የትራክተር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ። በየጠዋቱ ከቤቴ የሚወሰደው ወተት እንደተስማማዎ ከፊትዎ ወዝ ይታያልና በዚህ በኩል የምጠይቅዎ የለኝም። በዕድሜ ቢሆን «ልጄ» ልልዎ በቻልሁ ነበር፤ ሆኖም ወንበሩ ከእኔ ዕድሜ ስለሚበልጥ «ክቡርነትዎ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው በራስዎ ትእዛዝ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቼ፣ ለመስኮቻችን ሊገዛ የታሰበው ትንሽ ትራክተር ሣሩን አጭዶ የሚያስተኛ ነው ወይስ የሚከትፍ ብዬ ስጠይቅ፣ «እማማ፣ ሣር ሣር ነው! ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለው አዳራሹን አሳቁት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአውራ ጣቴ እፈርም እንደነበር የሚያውቁ ሁሉ አብረው ሣቁ። የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን ግን ታጋሽ ሴት ናትና እነሆ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ የእርስዎም ትራክተር በእኔ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም።

አንደኛ፤ ስለ አመራረጡ ያለኝን ምስጋና እገልጻለሁ። ከሦስቱ የኮሚቴው አባላት አንዳችሁም ላም የላችሁም፤ ይህም ምርጫውን ከአድልዎ እንዳጸዳው አልጠራጠርም። የሂሳብ ሹሙ እየሣቀ እንደነገረን፣ ትራክተሩን የፈተናችሁት በመደብሩ ግቢ ውስጥ ባለች፣ ምንጣፍ በምታክል ሣር ላይ ነው። በየተራ ተቀምጣችሁ፣ መሪውን ይዛችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችኋል። ሻጩ ጠንቃቃ ሰው ኖሮ «ሣሩ ከታጨደ በኋላ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እርስዎ «ያምራል!» ብለው መለሱለት። እርሱም እንደ መልስዎ ሰጣችሁ፤ ከሆዱ ሥር ምላጭ የሚሽከረከርበት፣ የሆቴል ግቢ የሚያሳምር ትራክተር። አጠገቡ ቆሞ የነበረውን፣ በጎኑ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ረጅም ምላጭ የተገጠመለትንና ሣሩን እንደ ቁመቱ የሚያስተኛውን ግን ጥላ ስለሌለው አለፋችሁት። ሊቀመንበር ፀሐይ እንዳይመታው መታሰቡ ተገቢ ነው፤ የሚነዳው ሹፌሩ መሆኑ ቢዘነጋም።

ሁለተኛ፤ ስለ ታችኛው መስኬ። ትራክተሩ የመጣ ቀን፣ አልዋሽም፣ እኔም ትከሻዬ ከማጭድ ተገላገለ ብዬ እልል ብያለሁ። የድንጋይ ካቤ መሃል ያለው በር ከነጥላው አላሳልፍ ስላለው በትእዛዝዎ ካቡ ፈረሰ፤ ቀትር ሳይሆን መስኩ እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተላጨ። ከዚያ በኋላ ነው መንሻችንን ይዘን የወጣነው። ሣሩ ተከትፎ፣ ደቅቆ፣ በመንሹ ጥርሶች መሃል እየሾለከ ይወድቃል። ግማሹን ነፋስ ወሰደው። የቀረውን እየጠራረግን ከመርነው፤ ታፍኖ ጋለ፤ እጄን ብከትበት እንደ ምድጃ ፈጀኝ፤ ቆይቶም ሻገተ። ላሜ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። በፈረሰው ካብ የገቡት የጎረቤት ፍየሎች፣ እነዚያ የልብስ ማስጫ ገመድ የማይምሩት ፍየሎች እንኳ አልነኩትም። ጎረቤቴ፣ እንደ እኔው ባሏን የቀበረች ሴት፣ ከክምሩ ዘግና «አንቺ፣ ይሄ ለከብት ነው ወይስ ለትራስ?» አለችኝ። ሣቅሁ። እሷ ስትሄድ ግን ሣቄ የት እንደገባ አላውቅም። ላሚቱ ጥጃ ታጠባለች፤ ሣር የማይገኝበትን ወራት የምትሻገረው በዚያ ድርቆሽ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ላይኛው መስኬ። አሁን ተስፋዬ ሁሉ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዳገት ነው። ሹፌሩ ከዳገቱ ሥር ቆሞ ሽቅብ ካየ በኋላ «እናቴ፣ እዚህ ከወጣሁ ትራክተሩም እኔም ተያይዘን ጣሪያሽ ላይ ነው የምናርፈው» አለኝ። እናት ያለችው ልጅ ነውና አልፈረድሁበትም። ነገሩን ለቢሮዎ ባስታውቅ «ዳገቱን ይደልድሉት» የሚል መልስ ደረሰኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ የማውቀው ጫማ ለእግር ሲመረጥ ነው፤ ለጫማው ሲባል እግር ሲቆረጥ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ አድናቆት ነው። ሴቶቹ ትራክተሯን «ሙሽሪት» ብለዋታል። በየማለዳው ትታጠባለች፣ ጥላ ሥር ትውላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ትታያለች። መስኮቻችን ስላልሆኑላት የጽሕፈት ቤቱን ግቢ ደጋግማ ታጭዳለች። ግቢው በእውነት ያምራል፤ ለሻጩ የሰጡት ቃል አንዲት ሳትጎድል ተፈጸመች። እኛ አባላቱ ደግሞ በአጥር ላይ አሻግረን እያየን «ላም አለኝ በሰማይ» እንላለን።

ልመናዬ አጭር ነው። ሻጩ ትራክተሩ ሳያረጅ ከመጣለት በዚያኛው፣ ጥላ በሌለው፣ እንደሚለውጥልን ለሂሳብ ሹሙ ነግሮታል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። መፈረሙ ተሳስተናል እንደማለት ስለሚቆጠር ብዕሩ ከብዶዎታል ሲሉ ሰማሁ። ብዕር ከከበደ አውራ ጣት ይበቃል፤ እኔ ብዙ ዘመን ፈርሜበታለሁ፣ ምንም አይልም። ቀለሙን ይዤ እመጣለሁ።

ሰማዩ ግን ፊርማዎን የሚጠብቅ አይመስልም፤ ከቀትር በኋላ መጥቆር ጀምሯል። አንድ ዝናብ ከመታው የላይኛው ሣር ተኝቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ ማጭዳችንን ስለናል፤ ነገ ማልደን እንጀምራለን። የእሷ ወገብና የእኔ ትከሻ ተደምረው አንድ ደህና ሰው አይወጣቸውም። ዝናቡን ከቀደምነው እሰየው፤ ካልቀደምነው ላሚቱ ከነጥጃዋ ገበያ ትወጣለች።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ፣ ከጥላዎ ሳይወጡ፣ ከፎቶዎ ፈገግታ ሳይጎድልብዎ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ያልተደለደለው ዳገት ባለቤት፣ በገዛ እጄ ጽፌ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ያልጨረስሁት ነገር፦ ከሰሌዳው ሥር አንድ ትራስ አስቀምጬልዎታለሁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡ ያለው በትራክተርዎ የተከተፈው ድርቆሼ ነው። ትንሽ ይሸታል፣ ትንሽም ያሳክካል፤ ሆኖም ሣር ሣር ነውና ይተኙበት። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሡ ወተቱ ከቀረብዎ፣ እኔን ሳይሆን ትራስዎን ይጠይቁ።