ስልክ ራሱ የሚያነሳው ታብሌት

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽው ለቀቀሽ ወይስ ዘንድሮም «ደህና ነኝ» ብለሽ ልታልፊኝ ነው? አባዬስ ሳሉ ተወው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። በላክሁት ፎቶ ከስተሻል ያልሽው ከእንቅልፍ ማጣት ነው እንጂ ጠግቤ ነው የምበላው። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ወንድሜ ያልተመቸውን እንዳይዘል አደራ በይው። የዛሬውን አንድም ቃል ሳይቀር እንድትሰሚልኝ እፈልጋለሁ።

የምኖርበትን ቤት ስንቴ ነግሬሻለሁ። የማስታምማቸው እማማ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው። ብቻቸውን ከቆዩ ስለሚወድቁ እንቅልፍ ሲወስዳቸው መድኃኒት ቤትና ሱቅ ደርሶ ከመመለስ በቀር ከበር አልወጣም። አሠሪዬ ልጃቸው ናት፤ በልቤ ኮማንደሯ ነው የምላት። ሌላ ከተማ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀን። አልጋው ፊት ለፊት መደርደሪያው ላይ ታብሌት አቁማ፣ እናቷ መንካት ስለሚያስቸግራቸው፣ የደወለ ሁሉ ሳይነኩት እንዲገባ አድርጋዋለች። አንዴ ጮኸ ማለት ፊቷ ክፍሉ ውስጥ ነው። እያኘክሁ ከደረሰች «ምን እየበላሽ ነው?» ትለኛለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለእናቷ ፈርታ ነው። ግን እማዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሰው እያየኝ ስበላ ኖሬ አየር አጠረኝ።

ታዲያ አንድ የሕክምና ማዕከል ረዳት አስታማሚ እንደሚፈልግ ሰማሁና አመለከትሁ። የራስ ክፍል ይሰጣሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አለው፣ ከሁሉ በላይ ግን በዓመት የአንድ ወር ፈቃድ አለው። አንድ ወር ሙሉ አጠገብሽ! ከቤት መውጣት እንደማልችል ስጽፍላቸው በቪዲዮ እንጠይቅሻለን አሉኝ።

የቀጠሮው ቀን እማማ ምሳ በልተው ሸለብ ሲያደርጋቸው ነጩን ሸሚዝ ተኩሼ ለበስሁና ኩሽና ገባሁ። ስልኬን ስኳር ዕቃው ላይ አስደገፍሁት። ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ፤ መሃል ላይ ያለችው መነጽር ያደረገች ሴት አለቃቸው ናት። እንደምን ዋላችሁ ስል «አይሰማንም» አሉ። ጮህሁ፤ አይሰማንም። ማዳመጫ ሰካሁ፣ ነቀልሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ወይ ፍንክች። ለካ ባለፈው ሳምንት ባልዲ ውስጥ ሲወድቅብኝ የድምፅ መቀበያው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር የተገናኘሁት በጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በምን ልወቅ? «እኔ እሰማችኋለሁ» ብዬ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ አሳየኋቸው። አለቃዋ ሳቀችና ሌላ መሣሪያ ፈልጊ፣ እንጠብቅሻለን አለችኝ።

ሌላ መሣሪያ! በቤቱ ያለው ያ ታብሌት ብቻ ነው። ገባሁ፤ እማማ ነቅተዋል። «ታብሌትዎን ያውሱኝ» አልኋቸው። ሸሚዜን አዩትና ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ፤ ሌላ ሥራ ሊጠይቁኝ እንደሆነ ነገርኋቸው። ወደ መደርደሪያው ቀና አሉ። «መስታወቱን ወልውዪው እንጂ፤ ከነአቧራው ሰው ፊት ይቀርባል?» አሉኝ።

ወልውዬ ከእሱ ደወልሁላቸው፤ አሁን ድምፄ ተሰማ። በሽተኛ ቢወድቅ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። ቶሎ አላነሳውም፣ መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የቱ ጋ እንዳመመው እጠይቀዋለሁ እያልሁ ገና ሞቅ ሲለኝ ታብሌቱ አንዴ ጮኸ። ሦስቱም ጠፉና ኮማንደሯ ፊቴ ተደቀነች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው፤ ያን ራሱ የሚያነሳ ነገር ማጥፋት እንዴት እንደረሳሁ አልገባ ይለኛል። «ምነው ተሽቀረቀርሽ? የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ይሄኔ እማማ ካልጋቸው ሆነው «ልበሺ ያልኋት እኔ ነኝ፤ ያ ሽርጥ አስጠልቶኛል። በይ ልተኛበት፣ ዝጊው» አሏት። እናቷን አትደፍርም፤ ዘጋች።

ሦስቱ ሰዎች ተመለሱ። አሠሪዬ ደውላ ነው አልኋቸው፤ ምኑን ልደብቀው? አለቃዋ ከኋላሽ ያሉት እናት ማን ናቸው ስትለኝ ታብሌቱን አዞርሁት። እማማ ቀና ለማለት እየታገሉ «ስታነሳኝ አያመኝም» አሏቸው። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ። የደወለ ሰው አለ ወይ ስላቸው እማማ ማንም አልደወለም ይሉኛል። ሲጨንቀኝ ወደ ማዕከሉ ጻፍሁ። መልሱ «ተቀብለንሻል እኮ። ባለፈው ደውለን ለእናትሽ ነግረናቸዋል» የሚል ሆነ። ለእናቴ! መድኃኒት ልገዛ የወጣሁ ጊዜ ነው። ታብሌቱ እንደ ልማዱ ራሱ አነሳ፣ እማማም የምሥራቹን ሰምተው ዋጥ አደረጉት።

መናደድ ነበረብኝ። ኩሽና ገብቼ ግን አለቀስሁ፤ አንጀቴን በሉት። ያኔውኑ ከሚመጣው ወር መጀመሪያ እጀምራለሁ ብዬ መልስ ሰጠሁ፣ ሳላስበው። ለእማማ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ጠዋት ፊታቸውን ሳጥባቸው እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ፣ እኔ ሳፋውን አያለሁ። ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ተቀምጠናል። በሩ ከተከፈተልኝ ወዲህ ባሰብኝ እማዬ፤ መቆየቱም መሄዱም አንገቴን ይዞኛል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን በመጀመሪያ ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ከዚያ ሳሚልኝ። አክስቴን ስልክ የማልደውለው ኮርቼ ሳይሆን ስልኬ ዲዳ ሆኖ ነው በያት። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ የሰፋችልኝ ነጭ ሸሚዝ ሥራ አስገኘልኝ ብለሽ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

ይህን ስጽፍ እማማ ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ለእናቴ አልኋቸው። «ሰላም በያት። እኔ ታብሌቴን አውሼሽ የለ? እሷም አንቺን ትንሽ ጊዜ ታውሰኝ በያት» አሉኝ።

እምቢ በይልኝ እማዬ። እኔ አቅቶኛል።

ልጅሽ

ከእማማ አልጋ አጠገብ፣
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በወሩ ማለቂያ