የቀኝ ጫማ ዶቃ፦ የወይዘሮ መድና ኢሳ የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ወይዘሮ መድና ኢሳ ከአባታቸው ከአቶ ኢሳ ያሲንና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሪማ አደም በ1953 ዓ.ም. በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለች አነስተኛ መንደር ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው «ማሽላው ሲያሸት ነው» ይሉ ስለነበር እኛ ጎረቤቶች ጥቅምት ነው ብለን ወስነናል። እሳቸው ግን «ማሽላ በየዓመቱ ባንድ ቀን ያሸታል እንዴ?» እያሉ ውሳኔያችንን ሳይቀበሉት ኖረዋል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ የጠየቀው እኔን የግራ ጎረቤታቸውን ነው። ከዘመድ መካከል የተሻለ የተማረ ጠፍቶ አይደለም። ልጃቸው ኢማን «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እማዬን በጥያቄ ያደረቅካት አንተ ነህ፤ መልሱንም አንተው ጻፈው» ስላለችኝ ነው።

ወይዘሮ መድና በልጅነታቸው በመንደራቸው ቁርኣን መቅራት ተምረዋል። በ1964 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ከሚሴ መጣ። ያመጣቸው የአባታቸው ዓይን ነው። አቶ ኢሳ ዓይናቸውን ትራኮማ እየጋረደው ሄዶ በመጨረሻ ብርሃኑን አጡ፤ እርሻውን ትተው በከሚሴ ገበያ ዳር ገመድ እየገመዱ መሸጥ ያዙ። ትንሿ መድና አጠገባቸው ቁጭ ብለው ቋጠሮ ማሰርን የተማሩት እዚያ ነው። አባት ስለማያዩ የሚያስተምሩት በጣት ነበር፤ ልጅቱም ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትማረው። ይህ በኋላ እንደሚጠቅማቸው ያኔ ማን ያውቃል?

በዚያን ጊዜ የከተማው ወንድ ሁሉ የሚጫማው ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነበር። መስጊድ በር ላይ መቶ ጥንድ ሲደረደር መቶውም መንታ ነው። አቶ ኢሳ በሁለት ተከታታይ ጁምዓ የሰው ጫማ አጥልቀው ሄዱ። በሁለተኛው ጁምዓ የጫማው ባለቤት ደርሶባቸው «አላይም እያለ አዲሱን ይመርጣል!» ብሎ በሰው ፊት ተናገራቸው። ሰው ሳቀ። አቶ ኢሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታቸው መስገድ ጀመሩ። ቆይተው ገበያም ቀሩ። ስምንት ወር ከግድግዳ ጋር ተቀመጡ። ወይዘሮ መድና ያንን ወቅት ሲያነሱ «አባቴን ያስቀመጠው ዓይኑ አይደለም፣ ያቺ ሳቅ ናት» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕይወታቸው የፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ሰው በጤና እግሩ ቤት ውስጥ መቅረቱ።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ መድና አንድ እሑድ ከእናታቸው ጋር ሰንበቴ ገበያ ወርደው፣ አባታቸው የገመዱትን ገመድ ለአንዲት የአፋር ነጋዴ ሰጥተው በለውጡ ጥቂት ቀይ ዶቃ ተቀበሉ። ማታውን በወስፌ በስተው አንዷን ዶቃ በአባታቸው በረባሶ ማሰሪያ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያልፍበት በኩል ሰፏት። በቀኙ ብቻ ነው የሰፉት፤ ጫማ ሲጠለቅ ቀኝ ይቀድማልና። በሚቀጥለው ጁምዓ አባትየውን ለምነው ላኳቸው። አቶ ኢሳ ከሰላት ሲወጡ ቀኝ እግራቸውን በጫማዎቹ ላይ እየዳበሱ ሄዱ፣ ዶቃዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ አጠለቁ፣ ማንም ሳይመራቸው ቤታቸው ገቡ። ደጃፍ ላይ ሆነው የተናገሩትን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያነሳዋል። «መድና! ኮቱ፣ ነይ እስቲ፤ እግሬ እኮ አየ!»

ነገሩ ሰፈር ለሰፈር ተሰማ። «ለእኔም» ያላለ አልነበረም። ወይዘሮ መድናም ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ቀለምና በማሰሪያው ላይ የራሱን ቦታ ሰጡ። በቤቱ ውስጥ ለአባወራው አንድ ዶቃ፣ ለእማወራዋ ሁለት፣ ለልጆች ከሦስት ጀምሮ። ያንድን ቤት ምልክት ለሌላ ቤት አይደግሙም። እንዳይረሱትም የየቤቱን ዓይነት አንድ አንድ እያደረጉ በአንድ ረጅም ሲባጎ ላይ ያስሩት ነበር። ዶቃ ሲያልቅ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቁልፍ ሲጠፋ ቋጠሮ። ከጫማ አልፎ ወደ ጀሪካን እጀታ፣ ወደ ዣንጥላ፣ ወደ ተማሪ ቦርሳ፣ ወደ ሙስበሐ መቁጠሪያ፣ በኋላም ወደ ሞባይል ማንጠልጠያና ወደ ባጃጅ ቁልፍ ተሻገረ። ቦኖ ውኃ ላይ «የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም» የሚባለው ጠብ በሰፈራችን የቀረው በቀበሌ ስብሰባ አይደለም፤ በእሳቸው መርፌ ነው።

የቀኝ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኡሚ በአንድ ወቅት ከሁሉም የበለጠ ትልቅ አበባ እንዲሰፋላቸው ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ መድና «ኡሚ፣ ምልክት ነው የምሰፋልሽ ወይስ ማስታወቂያ?» ብለው መለሷቸው። ወይዘሮ ኡሚ ለሁለት ሳምንት አኮረፉ። በሦስተኛው ሳምንት ጫማቸው ጠፋና ታረቁ።

በ1971 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ሟች ራሳቸው ሲያወሩት መስማት ነበር። የደሴ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ አብዱልፈታህ የሚባል ወጣት ከጁምዓ ሲወጣ ቸኩሎ የአቶ ኢሳን ጫማ አጥልቆ ሄደ። አባት በር ላይ ባዶ እግራቸውን ቆሙ። መድና የሰውን ፊት ሳይሆን የሰውን እግር እያዩ ከተማውን አቋርጠው መኪና መቆሚያው ላይ አገኙት።

«ይኼ ጫማ የማነው?» አሉት።

«የኔ ነዋ።»

«ዶቃውንስ ማን ሰፋልህ?»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ወላሂ ከዚያ በፊት አላየሁትም ብሎ ማለ። ከዚያም ጫማውን አውልቆ፣ አቧራውን በሸሚዙ ጠርጎ፣ በባዶ እግሩ መስጊድ ድረስ ተሸክሞ ወሰደው። ከሦስት ወር በኋላ ሽማግሌ ሲልክ አቶ ኢሳ «ጫማዬን የወሰደ ሰው ደግሞ ልጄን ሊወስድ ነው?» ካሉ በኋላ መረቁ። ኒካሑ በ1972 ዓ.ም. ታሰረ። አቶ አብዱልፈታህ በ2003 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ጫማቸውን አንድም ቀን አልተሳሳቱም፤ ሚስታቸው ከሌላው ሰው ለይተው አምስት ዶቃ ሰፍተውላቸው ነበርና።

ወይዘሮ መድና በ1972 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ተምረው የምስክር ወረቀት አግኝተዋል። በደብተራቸው ላይ ስማቸውን በመጻፍ ፈንታ ዶቃ ስለሰፉ መምህሩ «ስም ለመጻፍ አይደል እንዴ የምትማሪው?» ቢላቸው፣ «ስሜን አንተ ታነባለህ፤ ዶቃዬን ግን እናቴም ታነባለች» ማለታቸው ይታወሳል።

እንግዲህ የእኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ለከተማው ሁሉ ምልክት ያደረጉት ሴት በገዛ ጫማቸው ላይ አንዲት ክር እንኳ አልነበራቸውም። ለምን? ወርቅማ ዶቃ ደብቀው ይሆናል ያሉ ነበሩ። ስለት አለባቸው ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ ኡሚ «ስንፍና ነው» አሉ። እኔ በየዒዱ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው በየዒዱ «ተራዬ አልደረሰም» ይሉኛል። አንድ ጊዜ አጥብቄ ስጠይቃቸው «አንተ መጀመሪያ የራስህን ጫማ አትጣ» አሉኝ። እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት ሁለቴ ጠፍቶብኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የወይዘሮ መድና ዓይን መድከም ጀመረ። ደሴ ሄደው ሲመረመሩ የዓይን ግፊት እንደሆነና የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ተነገራቸው። በዓመቱ ሙሉ በሙሉ አጡት። ልጃቸው ሪያድ «ካሁን በኋላ የትም ብትሄጂ በባጃጅ እኔ ነኝ የማደርስሽ» አለ፤ ሪያድ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የትም አይሄዱም ማለት ነው። አራት ወር ቤት ተቀመጡ። ያቺ አባታቸውን ያስቀመጠች ግድግዳ እሳቸውንም ልትይዝ ነው ብለን ፈራን። ኢማን በስውር በእናቷ ጫማ ላይ ቀይ ዶቃ ሰፋች፤ የአያቷን ዓይነት። እናት በጣታቸው አገኙትና ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው መልሰው ሰጧት። ኢማን አለቀሰች። እሳቸው ግን «የእኔን አታበላሺብኝ» አሏት።

ከዚያ በ2010 ዓ.ም. የወይዘሮ ኡሚ ባል ሞቱ። ወይዘሮ መድና ማንንም ሳይጠሩ አጥር እየዳበሱ ለቅሶ ቤት ደረሱ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ አጽናኑ። ሲወጡ በር ላይ ስልሳ ጥንድ ያህል ነበር። ኢማን ልትነሳ ስትል ወይዘሮ ኡሚ በእጃቸው ያዟት። ሁላችንም አንገታችንን ወደ በሩ አሰገግን። ወይዘሮ መድና ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው መዳበስ ጀመሩ። ዶቃ። ዶቃ። ቁልፍ። ቋጠሮ። ሁለት ዶቃ። በመጨረሻ ምንም የሌለበት ማሰሪያ ላይ ደረሱ። አጠለቁት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፦

«ምን ዝም አላችሁ? ለእናንተ ሁሉ ምልክት ያደረግኩላችሁ የእኔን ለማግኘት ነው እኮ!» አሉ።

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን፤ የሐዘኑ ባለቤት ወይዘሮ ኡሚም ሳቁ። ያቺ ሳቅ የድሮዋ ዓይነት አልነበረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርግም፣ ለቅሶም፣ መውሊድም፣ የረመዳን የሌሊት ሰላት ተራዊሕም ብቻቸውን ሄደዋል።

በእውነት ከመጀመሪያው አስበውበት ነበር ወይስ ያን ዕለት የመጣላቸው ቀልድ ነው? ጠይቄያቸዋለሁ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብለውኝ አለፉ። እኔ እስካሁን አላወቅሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተዋል። ከሐርቡ የመጣ በድሩ የሚባል የሰርግ እንግዳ ጫማው እንደሳቸው ባዶ ስለነበር የእሱን ሰፊ ጫማ አጥልቀው እየጎተቱ ሄዱ። እንግዳው በባዶ እግሩ ተከትሎ ቤታቸው ድረስ መጣ። ወይዘሮ መድና ጫማውን ከመመለሳቸው በፊት ቁጭ አድርገውት፣ በጣታቸው እየለኩ ሰማያዊ ዶቃ ሰፉበትና «በል፣ አሁን የከሚሴ ሰው ሆነሃል» አሉት። ከዚያ ወዲያ መርፌና ዶቃ የያዘች ትንሽ ከረጢት ከአንገታቸው አልተለየችም። በየደጁ ምልክት የሌለው የእንግዳ ጫማ ሲያገኙ እዚያው ይሰፉ ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የስኳር ሕመም ያዛቸው። የእግር ጣታቸው ሲደነዝዝ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር። «ጉልበቴ ያማርራል እንጂ እኔስ አላማርርም» ይሉ ነበር። ባረፉበት ሳምንት ረቡዕ ዕለት እንኳ ሦስት ቤት አልፈው አራስ ጠይቀው ተመልሰዋል።

ወይዘሮ መድና ኢሳ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከንጋቱ የፈጅር ሰላት በኋላ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ወደ አኺራ ሄዱ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዕለቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተፈጽሟል። ሁለት ልጆችን ሪያድንና ኢማንን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ያን ረጅም ሲባጎ ትተዋል። ሲባጎው ላይ የሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት ምልክት አለ። ኢማን ተረክባዋለች፤ ከእንግዲህ ዶቃ የሚፈልግ እሷ ጋ ይሂድ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ያጡትን ብርሃን በዚያኛው ዓለም እጥፍ አድርጎ ይመልስላቸው፤ ከአባታቸውና ከባለቤታቸው ጋር በጀነተል ፊርዶስ ያገናኛቸው። ለቤተሰቡም ለሰፈሩም ሶብሩን ይስጠን። አሚን።

በመጨረሻ ለለቅሶተኞች አንዲት አደራ አለችን። ከድንኳኑ ስትወጡ ቀኝ እግራችሁን ዘርግታችሁ የየራሳችሁን ፈልጉ። በቤታቸው በር አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ምንም ምልክት የሌለው አንድ ጥንድ ታገኛላችሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ያለው እዚያው ነው። የማን ነው ብላችሁ አትጠይቁ፤ እለፉት።

ጎረቤታቸው
ከሚሴ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.