የከርከሮው አፍንጫ

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ከድር ተርፏል፣ እነሱ እንደሚሉት አልሐምዱሊላህ። ጎባ ሆስፒታል ነው፤ ጭኑን ሰፍተውታል። ትልቋ ልጁ ከብድሬ ከተማ ሕፃኗን አዝላ መጥታለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ሱቅ ነው። ሚስቱ ዘይነባ አትነግረኝም። ስንት ዘመን አጥር ተጋርተን ኖረን፣ ዛሬ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ስላት ፊቷን አዞረችብኝ።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ጥፋቱ የልጄ የሂሩት ነው ይላሉ። የሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት የከርከሮ አፍንጫ ነው። ከርከሮም ያው አሳማ ነው። አፍንጫው ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ ሳያሳምመው ተጣብቆ ይኖራል። የሚያጣብቀው የትኛው ጂን፣ የትኛው ዘረመል ነው? በጎቻችንን በሳል የሚጨርሰው ባክቴሪያስ ያንኑ ጂን ይዞ ይሆን? ጥያቄዋ ይኸው። እና እዚህ ሲናና ገብሳችንን የሚያወድመውን ከርከሮ አትግደሉ፣ በመረብ ያዙልኝ አለች። መረቡን የያዘ ከድር። አውሬው በጥሶ ወጣ፣ ጭኑን ተረተረው። ደሙ ጫማው ውስጥ ሞላ።

ኅዳር 10፣ ማታ

የዘይነባ ወንድም መጣ። ቁጭ በል ብለው እምቢ። ልጅሽ ለአሳማ ንፍጥ ብላ ሰው አስቀደደች አለ። ማሳው ላይ ካየኋት ከከርከሮው ጋር ነው የምቀጠቅጣት አለ። ሂሩት ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሞክራትና መጥረቢያዬን ታያለህ አልኩት። እኔ!

ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ወንዶቹ በጦርና በውሻ ወጡ። ያንኑ ከርከሮ አገኙት። ሂሩት አንድ የአፍንጫ ናሙና ቀርቷታል፤ እንደሞተ ወዲያው ከተወሰደ ይሆናል አለች። ተከተልኳት። ከርከሮው አንዱን ውሻ ሆዱን ዘርግፎታል። በጦር ጣሉት። ከወደቀም በኋላ በዱላ፣ በድንጋይ፣ ዓይኑ እስኪፈስ፤ ለከድር፣ ለከድር እያሉ። ሂሩት አፍንጫውን ተዉልኝ ብላ ታለቅሳለች። የዘይነባ ወንድም ዱላውን አነሳባት። መሐል ገባሁ፣ ትከሻዬን አገኘኝ። ደነገጠ። ዱላውን ጣለ።

ከዚያ አውሬውን የሚነካ ጠፋ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ሂሩት የናሙናውን ጥጥ አፍንጫው ውስጥ ታስገባ ወይስ ራሱን ትያዝ? ያዝኩላት። ማዕተቤ አንገቴ ላይ፣ መንጋጋው እጄ ላይ። ገና ይሞቃል። የመጀመሪያው ጥጥ ደም ብቻ። ሁለተኛው ደህና። ሂሩት ብልቃጡን ከደነች።

ኅዳር 13፣ ጠዋት

ሰው ሲመላለስ በሩ አላረፈም። ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ከእንግዲህ አልጽፍልህም። ሰለቸኝ።

ትከሻዬ ጠቁሯል። እጄን ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር። የኛ ሥርዓት አይደለም፣ የዘይነባ ነው፤ አሳማ የነካ እጅ እነሱ ዘንድ እንዲህ ነው የሚነጻው። አሁን ጎባ እሄዳለሁ፣ ከድር አልጋ ድረስ። ዘይነባ ታባርረኝ እንደሆነ ታባርረኝ። መጀመሪያ እጄን አይታ ታባርረኝ።