ዝርዝሩን አልሰጥም

አሰብ፣ ሰኔ ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ ክንፈ፣

ከአዲስ አበባው ስብሰባ የላክኸው ደብዳቤ በሾፌር እጅ ደረሰኝ። ልጆቻቸውን ያላስከተቡትን እናቶች ስም ዝርዝር አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ ብለሃል፤ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዱቄት ልትከለክላቸው። አላዘጋጅም። ብትቆጣ ተቆጣ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ።

የክትባት ጠላት ሆንሽ እንዳትለኝ። በዚህ ሐሩር የበረዶ ሣጥን ተሸክሜ ቤት ለቤት የምዞረው እኔ ነርሷ ነኝ፤ አንተ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆነህ ማኅተም ትመታለህ።

ባለፈው ወር «የክትባት ካርድ የሌለው ራሽን የለውም» ብለህ ስታውጅ ክሊኒኩ ሞላ። አልዋሽህም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ክንዷን ዘረጋችልኝና «ሲስተር፣ ዛሬ ስሜ ማን ነው?» አለችኝ። የዚሁ ሰፈር ሴት የብርቅዬ ልጅ ናት። ጎረቤቶቿ ለካርዱ ሲሉ እየተዋሷት፣ እኔም ፊቷን ሳላይ፣ በሌሎች ሁለት እናቶች ልጆች ስም ሁለቴ ወግቻታለሁ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከተዋሷት አንዷ የወደቡ ወዛደር የበዛብህ ሚስት ላቀች ናት። ለካ የገዛ ልጇ ኩፍኝ ወጥቶበት ጨለማ ክፍል ተኝቶ ኖሯል። ኩፍኝ መርፌ አይወድም ሲባል ያደገች ሴት ናት። ትንፋሹ እስኪያጥር አልጠራችኝም፤ ስደርስ ሕይወቱ አልፏል።

«ምነው ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«አንቺንማ አልደበቅሁሽም እቴ» አለች፤ «ካርዱ በውሰት ልጅ የወጣ መሆኑ ከታወቀ ወንድምሽ ራሽኑን ይቆርጠዋል። የቀሩት ልጆቼስ ምን ይብሉ?»

ለዚህ መልስ ካለህ አንተ ጻፍላት።

አንተስ ደሴ ሳለን ኩፍኝ ሲወጣብህ እማዬ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ፣ መርፌ ይወጋ ያለውን ሁሉ ከደጅ አልመለሰችም? ፀረ አብዮት ነበረች በለኛ!

ከልጁ ቀብር ወዲህ የበረዶ ሣጥኑን ትቼ መጀመሪያ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፣ እከራከራለሁ። የሰደበችኝም አለች። ግን አምስት እናቶች የደበቋቸውን ልጆች ራሳቸው አምጥተዋል፤ ከነሱም አንዷ ላቀች የሟቹን ታናሽ አዝላ መጥታ አስከትባለች። አምስት ልጅ ለሪፖርትህ እንደማይበቃ አውቃለሁ።

የግድ ስም ካስፈለገህ የኔን ጻፍና ራሽኔን ቁረጥ። ከዚያ ሌላ አንድም ስም ከእጄ አታገኝም። አሁን ልሂድ፤ ሦስት ቤት ይጠብቁኛል።

የምትወድህና የማትፈራህ እህትህ፣
ዓባይነሽ