በግራ የከረረ ክር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዊንጌት ታክሲ ጠፍቶ አረፈድኩ። ማንም ምንም አላለኝም። አለመኖሬን ያወቁም አልመሰለኝም።

አራት ነን። ብርነሽ ሰብሳቢያችን ናት። ትልቋ እሷ ናት፣ ድምጿም ትልቅ ነው። ሩቅያ አለች፣ ስትቀልድ የምትውል። ቢሊሱማ አለች፣ ከእንጦጦ በኩል የምትመጣ፣ እጇ ፈጣን። እና እኔ። ወረዳ አሠልጥኖ አደራጀን። ሸማኔው ጋሽ ዓምሃ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡን። እሳቸው የሸመኑትን ነጠላ፣ ዘርፉን እኛ እንቋጫለን።

ሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ "ቡድን መጀመሪያ ይተዋወቃል፣ ከዚያ ይጣላል፣ ከዚያ ይግባባል፣ ከዚያ ይሠራል" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ነበር። ዛሬ ሩቅያ "እኛ መተዋወቁን ዘለነው፣ ቀጥታ ጠቡ ውስጥ ገባን" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዘግይቼ። እነሱ ጨርሰው የኔ ሳቅ ብቻውን ተሰማ። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አክስቴ የሺ እንጀራ እያቀረበች "ሥራሽን እስከ ገና አየዋለሁ" አለችኝ። "ካልሆነልሽ ሰሚት ሰው ቤት ትገቢያለሽ። ሰዎቹ ሠራተኛ ቸኩለዋል።"

ክፉ አይደለችም። ከስምንተኛ ክፍል ስቀር እንኳ አልጮኸችብኝም። የራሷ ልጆች አሉ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። አውቃለሁ።

ሰሚት... እዚያ ማንን አውቃለሁ? ከማንስ ጋር ይወራል? እዚህስ ከማን ጋር አወራለሁ? ግን ሲያወሩ እሰማለሁ። መሐላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። ይኼን ካጣሁ ምን ይቀረኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትልቅ ሥራ መጣ። የሠርግ ነጠላ፣ ለሙሽራዋ ቤተሰብ በሙሉ አንድ ዓይነት። እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነጠላ ነበር የምንቋጨው። ብርነሽ "በዚህ አካሄድ አንደርስም። ሁለት ሁለት እንሁን። አንዷ ክሩን ታክርር፣ አንዷ ትግመድና ትቋጥር" አለች።

"እኔ የጀመርኩትን ራሴ መጨረስ ነው የምወደው" አለች ሩቅያ። "ፋብሪካ ነው እንዴ?"

"ፋብሪካ ቢሆን አንቺ ድሮ ተባረሽ ነበር!"

ተጯጯሁ። ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ። "ሉሊት፣ አንቺስ?" ሁሉም ዞረው አዩኝ። እ... አልኩ። "በቃ፣ ተስማምታለች" አለች ብርነሽ።

ልል የፈለግኩት "እኔ ግራኝ ነኝ" ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታስተምረኝ "ያንቺ ክር በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ ሌላ ሰው ሊገምደው አይችልም" ትለኝ ነበር። ብቻዬን ስቋጭ ምንም አይደለም። አሁን ግን የማከርረው እኔ፣ የምትገምደው ቢሊሱማ። ይሆን ይሆን? ምናልባት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ቢሊሱማ "ይኼ ክር ምን ሆኖ ነው፣ አልያዝ አለኝ እኮ" አለች። ጫፉ ላይ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው። ያዘ። የያዘ መሰለ።

በቀኝ እጄ ለማክረር ሞከርኩ። ላላብኝ። ዘገየሁ። ብርነሽ ከወዲያ "ምን ያንቀራፍፍሻል?" አለችኝ። ወደ ግራዬ ተመለስኩ።

አሁን ተናገሪ ሉሊት። አሁን... አልተናገርኩም። ብናገር "ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪልናለሽ?" ይላሉ። ከዚያ ሰሚት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጾም ገባ። ሩቅያ ምስር ወጥ ይዛ መጣች። "እናንተ እየጾማችሁ ለብቻዬ ጥብስ ብበላ ወላሂ አይወርድልኝም" አለች። አንድ ላይ በላን። አጎረሰችኝ። "አንቺ ዝምተኛ፣ ለጉርሻ እንኳ አፍሽን ክፈቺው!" ቢሊሱማ ስትስቅ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ቀና ካለች በኋላም ሙቀቷ ትከሻዬ ላይ ቆየ።

ብርነሽና ሩቅያ መጣላት ትተዋል። አንዷ መቀስ ስትፈልግ ሌላዋ ሳትጠየቅ ታቀብላለች። ነጠላው እየተቆለለ ነው።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ጋሽ ዓምሃ አንድ ነጠላ ይዘው ገቡ። ለናሙና የወሰዱትን የሙሽራዋ እናት አጥበውት ነው። ዘርፉ ተፈትቶ እንደ ጥጥ ተበትኗል።

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። "ይኼን ለሰው ልስጥ? ሰው የነዚያ ልጆች ሥራ ነው አይልም፣ የዓምሃ ሥራ ነው ይላል" አሉና ወጡ።

ክምሩን አየነው። የብርነሽና የሩቅያ ደህና ነው። የእኔና የቢሊሱማ ሁሉም ልል ነው፣ በቋጠሮው ብቻ ነው የተያዘው።

"ማናት የቋጠረችው?" አለች ብርነሽ።

"እኔ" አለች ቢሊሱማ። "ግን አጥብቄ..."

"ይኼ ነው ማጥበቅ? ስልክሽን እየጎረጎርሽ!"

"ኧረ ብርነሽ፣ በእመቤቴ!" ወደኔ ዞረች። "ሉሊት፣ አጠገቤ ነበርሽ አይደል? ንገሪያት እስቲ።"

መሬት መሬት አየሁ። ጠበቀችኝ። በጣም ጠበቀችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

"እንዳትመለሺ!" አለቻት ብርነሽ ከኋላዋ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ሦስት ነን። ማንም አልቀለደም። ምሳ የበላነው ጀርባ ለጀርባ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

የላላውን ሁሉ ስንፈታ ዋልን። የፈታሁት ሁሉ የራሴ ክር ነው። ድንገት "እኔ ነኝ" አልኩ። አልሰሙኝም። ደገምኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ክር አንስቼ በግራዬ አከረርኩና ለብርነሽ ሰጠኋት። "ግመጂው።" ገመደችው። እጇ ላይ ተፈታ። እንደገና ገመደችው። ተፈታ።

"ታውቂ ነበር?"

"እ... ማለቴ... አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

ሩቅያ "ያ አላህ" ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ለቢሊሱማ ስትደውል ሰማኋት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ቢሊሱማ መጣች። ብርነሽ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ የኔ ጉዳይ መጣ። ትቆይ ወይስ ትሂድ።

ሩቅያ እጇን አወጣች። "ትቆይ። የራሷን ነጠላ ለብቻዋ ትቋጭ፣ አለቀ። ግራኝ መሆን ወንጀል ነው እንዴ?"

"ግራኝነቷ ምን አደረገኝ?" አለች ብርነሽ። "ሰው ሲባረር አጠገቡ ቁጭ ብላ ማየቷ ነው። ነገ በኔም ታደርገዋለች። ትሂድ።"

የቀረችው ቢሊሱማ ናት። እሷን ብቻ አየኋት። በዓይኔ ለመንኳት። ሌላ መለመኛ የለኝም።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት።

"እኔ ምንም አልልም" አለች። "እሷም ምንም አላለችልኝም።"

እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። አልተንቀሳቀሱም። እኩል ለእኩል ከሆነ ሰብሳቢዋ ትወስናለች ተባብለን ነበር። ብርነሽ ወሰነች።

ነጠላዬን ለበስኩ። ሩቅያ ብቻ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ቀልድ ፈለገች መሰለኝ፣ አላገኘችም። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ረዳቱ "እህት፣ ጠጋ ጠጋ" አለኝ።

አልፈርድባቸውም። እኔም እጅ አውጪ ብባል...

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ሰሚት።

አክስቴ አድርሳኝ ተመለሰች። ሴትዮዋ በሩን እንደከፈቱ፣ ስሜን ሳይጠይቁኝ፣ ፌስታሌን እንደያዝኩ "እኔ ግራኝ ነኝ" አልኳቸው። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሴትዮዋ ሳቁ።

"ታዲያ ምን ይጠበስ? በፈለግሽው እጅ እጠቢ፣ ብቻ ይጽዳ።"

እውነታቸውን ነው። ሳህን አጠብኩ፣ ወለል ወለወልኩ፣ ልብስ ተኮስኩ። ሁሉም በግራዬ። ማንም ምንም አላለኝም። ከሳሎን የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል፣ ምን እንደሚል አይለይም።

እዚህ እጄ ከማንም እጅ ጋር መግጠም አያስፈልገውም።