የወይዘሮ ጥሩዬ ሁለት ቃላት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከጠዋቱ 3፡00

ቢሮ። ዛሬም መብራት የለም። የደሳለኝን መዝገብ እያገላበጥኩ ነው። ደሳለኝ በወረታ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ አለው፤ በሕግ የተከለከለውን የናና ጣዕም ያለው ሲጋራ ሲሸጥ ተይዟል። የያዙት ወ/ሮ ጥሩዬ ናቸው፣ የጤና ጽ/ቤት ተቆጣጣሪ። ክሱን የጻፍኩት እኔ፣ ዐቃቤ ሕጉ፦ «ልቀቱ ከተፈቀደው በላይ የሆነ ምርት በመሸጥ»። ቀላል ጉዳይ። ሐሙስ ይመሰክራሉ፣ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ 10 ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ተናድጃለሁ። ወ/ሮ ጥሩዬ ከይፋግ ሱቆች ቁጥጥር በቀጥታ መጡ፤ ነጠላቸው ላይ የሩዝ ገለባ። ክሱን ሁለቴ አነበቡ። ከዚያ የትምባሆ ቁጥጥር መመሪያውን የትርጓሜ ክፍል ከቦርሳቸው አወጡ፣ ዳሩ በፕላስተር የተለጠፈ። ይዘት ማለት ምርቱ ውስጥ ያለው ነው፣ ቅጠሉም የተጨመረው ማጣፈጫም። ልቀት ግን ምርቱ ሲጨስ የሚወጣው ነው። እኔ ፓኮ ያዝኩ እንጂ ጭስ አልለካሁም አሉ። ያው አይደል፣ ማን ይለየዋል አልኳቸው። «ከልክ በላይ ነው» ብቻ ይበሉልኝ ብዬም ለመንኩ። ወረቀቱን ወደ ቦርሳቸው መልሰው ወጡ። ክሱን አልነካሁትም። ኩራት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ 6፡30

ከፍ/ቤት መመለሴ ነው። የደሳለኝ ጠበቃ ወ/ሮ ጥሩዬን ልቀቱን ለክተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ችሎቱ ጢም ብሏል። አንዴ ወደ እኔ አዩ።

«አልለካሁም። መለኪያም የለኝ። የማውቀው ይዘቱን ነው፤ ማጣፈጫው ፓኮው ላይ ተጽፏል። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። ዳኛዋ ለሰኞ ቀጠሩ። ወ/ሮ ጥሩዬን ደጅ ላይ ደርሼባቸው ክሱን ገደሉት አልኳቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ሰውዬው ባጠፋው ይከሰስ። ባላጠፋው ለምን?»

ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ከጠዋቱ 1፡00

የትርጓሜውን ክፍል ዛሬ ገና ከመጀመሪያው አነበብኩ። አፈርኩ። ሕግ የተማርኩት እኔ የዘለልኩትን ገጽ፣ እሳቸው ቃል በቃል ይዘውታል፤ ከሱቅ ሱቅ በእግራቸው ሲዞሩ ይዘውት ነው የሚሄዱት። የትናንቱ መልስ ምን አተረፈላቸው? አለቃቸው ተቆጥቷል አሉ። የደሳለኝ ሰዎች እየሳቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲህ ያለ ምስክር አይቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ 2፡50

ችሎት 3 ሰዓት። የክስ ማሻሻያው ተጽፏል፦ «ማጣፈጫ የተጨመረበት ሲጋራ በመሸጥ»። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩና አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሳላየው የቀረውን «ልቀት» የሚል አንድ ቃል አሰረዙኝ። ከዚያ፣ አሁን ብጠየቅ እመልሳለሁ አሉኝ። ደስታዬ! የኔ አለቃ ደግሞ የማሻሻያውን ምክንያት የጽሕፈት ስሕተት በለው ብሎኛል። አልልም። ቆሜ፣ ምስክሯ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ደሳለኝም፣ ዘመዶቹም፣ የወ/ሮ ጥሩዬ አለቃም ይስሙ። የችሎቱ ጸሐፊ እየጠራችኝ ነው፣ ዳኛዋ ገቡ።